«ወጣሁ» አልልም

በጃንሆይ ዘመን ነው። ከዳንግላ ወደ ቆሰበር ተድሬ የመጀመሪያ ልጄን እንደወለድኩ ያ ነገር ጀመረኝ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ግራ እጄ በራሱ ተነስቶ ይገተራል፣ አንገቴ ወደ እጄ ይዞራል፣ ከዚያ እግሮቼ ፈረስ እንደሚኮለኩል ሰው ይራገጣሉ። አረፋ የለ፣ መውደቅ የለ። ወዲያው ይለቀኛል። ባሌ «ደግሞ የት ጋልበሽ መጣሽ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። አማቴ ግን አልሳቁም። «ዛር ነው፤ በጡቷ ወደ ልጁ ይጋባል» ብለው ልጄን ከእቅፌ ወሰዱና በላም ወተት ያሳድጉት ጀመር። እኔን ጠበል ላኩኝ።

ጠበሉ ዘንድ ደንቡ የታወቀ ነው፤ መንፈሱ ጮሆ «ወጣሁ» ካላለ ማንም አይሰናበትም። እኔ ደግሞ ሲያጠምቁኝ ጥርሴን ነክሼ ዝም ነው። አብራኝ የምትጠመቅ የጥሊሊ ሴት «ሞኝ አትሁኚ፤ አንዴ ጩኺና ወደ ልጅሽ ሂጂ» አለችኝ። እውነት ለመናገር ልቤ ከጅሎ ነበር። ግን ነገ እጄ ሲነሳ «ዛሯ ተመለሰባት» ብለው ልጄን ዳግመኛ ሊወስዱብኝ? ሞቼ ነው ቆሜ! በየማለዳው ከቋጥኙ ጀርባ ተቀምጬ ጡቴን አልባለሁ። ወተቱ ድንጋይ ላይ ሲፈስ እያየሁ አለቅሳለሁ፤ እንዲነጥፍ ግን አልፈቀድኩለትም።

አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ያ ነገር መጣ። ሰው ተንጫጫ። አጥማቂው ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ሮጡ። «ተናገር! ማን ነህ? ከየት ያዝካት?» እሰማቸዋለሁ፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም። ሲለቀኝ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

«አባቴ፣ ‹ከየት ያዝካት› አሉ። ያቺ ሴትዮ ‹እግሯን ያዙ› አለች። እርስዎ ሲሮጡ ጫማዎ ወለቀ። ዛር የያዘው ሰው የሆነውን አያስታውስም ይባል የለ? እኔ ሁሉን ሰምቻለሁ። እጄም ሁልጊዜ ግራው ነው፤ ዛር ቢሆን አንድ ቀን እንኳ ቀኙ አያምረውም?»

ቄሱ ጫማቸውን ፈልገው አጠለቁ።

«ሕመም ነው» አሉ በመጨረሻ። «እግዜር ይማርሽ። ሂጂ፣ ልጅሽን አጥቢ፤ እኔ ነኝ ያልኩት በያቸው።»

ቤት ስደርስ አማቴ ልጁን ታቅፈው ደጃፍ ቆመዋል። የቄሱን ቃል ነገርኳቸው።

«ቢያገረሽብሽስ?» አሉ።

«ያገረሻል፣ እማማ። ሲመጣ ልጁን ይያዙልኝ፤ ሲለቀኝ ይመልሱልኝ።»

ጥቂት አመነቱና ሰጡኝ። ልጄ እንደ ባዳ አየኝ፤ ፊቱንም አዞረ። ቁጭ ብዬ ጡቴን አወጣሁ፣ ጠበቅሁት። ከዚያ ጠረኔ ሸተተው መሰለኝ፣ ጎረሰ። ወተቱ ነበረ።