«ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?»

ሚዛን ተፈሪ ከተማ እኛ ቤት የምትመጣን የቤት ሠራተኛ ሁሉ፣ አብረውን የሚኖሩት አክስቴ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ «ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?» ይሏት ነበር። በማግስቱ ራሳቸው ወስደው ከአጥራችን ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት ያስመዘግቧታል። እሷም ተምራ፣ ሌላ ሥራ አግኝታ ትሄዳለች።

እኔና ባለቤቴ ቢሮ እየዋልን በዚህ እንበሳጭ ነበር። «ኧረ አክስቴ፣ ሠራተኛ አሳጡን እኮ!» ስላቸው፣ «እኔ አለሁልሽ አይደል?» ብለው ሕፃኑን ያዝላሉ።

ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው። ሕፃኑን የሚያዝልልኝ የለም፤ የዓመት ፈቃዴም አልቋል። ትናንት በስንት ልመና ከቴፒ አንዲት ሠራተኛ መጣችልኝ። ዛሬ ጠዋት ቢሮ የሚያደርሰኝ ባጃጅ በር ላይ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ልጄን ተቀብላኝ «እትዬ፣ እዚህ አካባቢ ትምህርት ቤት አለ?» አለችኝ።

ደወሉ ሲደወል ጓዳችን ድረስ እንደሚሰማ እያወቅሁ «የለም» አልኳት።