ማተቤን ያስወለቀኝ ሽፍታ

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ደረቴ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣብኝ። ሲብስብኝ ወደ ሰሌዳው ዞሬ በዳስተር አክ ነበር፤ ስመለስ ሸሚዜ በጠመኔ ነጭ ሆኖ ተማሪው ይስቃል። አከራዬ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹልኝ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ባናህ ቁንጫ ይዞ ነው» ብሎ የሱፍ ብርድ ልብሴን ደጅ አሰጣው። በመንዝ ብርድ ያለ ባና ማደር ምን እንደሆነ ያደረ ያውቀዋል፤ ሽፍታው ላይ ጉንፋን ተጨመረልኝ።

ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ነርስ ደረቴን አየች፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቴን አስወልቃ አየች፤ ከዚያ እምብርቴን፣ የቀበቶዬ ዘለበት የሚነካኝን ቦታ። ሁሉም ጋ ያው ሽፍታ ነው። «አለርጂ ነው። ገላህ ይህን ርካሽ ብረት አይወድም» አለችኝ። ቅባት ሰጥታ ብረት እንዳይነካኝ አዘዘች። ሰዓቱን ኪሴ ከተትኩ፣ ሱሪዬን በጨርቅ ታጠቅኩ፣ የአንገቴን መስቀል ከነማተቡ ፈትቼ አስቀመጥኩ። ማሳከኩ ወዲያው ቀለለልኝ።

ችግሩ፣ በዚያው ሰሞን አንዲት ልጅ ላገባ ሽማግሌ ልኬ ነበር። የልጅቷ አባት መሪጌታ ናቸው፤ በእኛ አገር ደግሞ ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ሽማግሌዎቹን «ማተቡን ለበጠሰ ልጄን አልሰጥም። የሚለው ካለው ራሱ መጥቶ ያስረዳኝ» ብለው መለሷቸው። ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ ሲጠራ ታይቶም አይታወቅ! ቤታቸው ሄድኩ። ያችን ልጅ ባጣት ምን እንደምሆን እንጃ።

«እስቲ አንገትህን አሳየኝ» አሉኝ መሪጌታ። ሸሚዜን ከፈትኩ። መስቀሉ በነበረበት ቦታ ሽፍታው ቁርጥ መስቀል ሆኖ ቀልቷል።

የልጅቷ እናት እልል አሉ። «ተአምር!» ብለው ሊንበረከኩ ሲሉ «ኧረ እናቴ፣ አለርጂ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ባልቀድማቸው ኖሮ ምእመናን ሊሳለሙኝ ይመጡ ነበር።

መሪጌታ ሁሉንም አስረድቼ እስክጨርስ ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ።

«ብረቱስ እሺ፤ ክሩ ምን በደለህ?»

ጥቁር ክር አስመጥተው በገዛ እጃቸው አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። እፎይ ብዬ ልነሳ ስል «ቆይ» አሉ፤ «ብረት የማይችል ሰው ቀለበቱን እንዴት ሊያደርገው ነው?»

ነርሷን ይህን አልጠየቅኳትም። ያን ጊዜ ከጓዳ የልጅቷ ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ ንጹህ ወርቅ አያሳክከውም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠይቄያለሁ።»

መሪጌታ ወደ ጓዳው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ።

«ተስማምታችሁ ከጨረሳችሁ» አሉ፣ «ሽማግሌውን ምን አደከማችሁት?»