የእንቁራሪት አድማጮች ሊቀመንበር

ያ ክረምት ልብስ አልደርቅ ያለበት ክረምት ነበር። ስኳሩ ጣሳው ውስጥ ድንጋይ ሆነ፤ የቁም ሳጥኑ በር አብጦ አልዘጋ አለ። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ታላቅ እህቴ ደስ ብሏት ነበራ። ዝናብ ሲበዛ እንቁራሪት ይበዛል፣ እንቁራሪት ሲበዛ ደግሞ ቤታችን ስልክ ይበዛል።

እህቴ ዕድሜዋን የፈጀችው ስልክ ማዞሪያ ላይ ነው። ጡረታ ወጥታ እኔ ዘንድ ስትገባ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነላትምና የእንቁራሪት አድማጮች ማኅበር አቋቋመች። በየአገሩ ጥግ ፀጉር አስተካካዩም፣ አዋላጇም፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራውም በፈቃዱ አንድ ኩሬ ይይዛል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሄዶ ያዳምጣል፣ የሰማውን በስልክ ይነግራታል። እሷም ሰብስባ እንስሳትን ለሚያጠና የምርምር ተቋም ትልካለች። «ኩሬ መታመሙ የሚታወቀው እንቁራሪቱ ዝም ሲል ነው» ትል ነበር። የሰማውን እንቁራሪት በስሙ የማያውቅ ሰው ድምፁን እያስመሰለ በስልኩ ይጮህላታል።

«እስቲ ድገመው የኔ ጌታ... አይ፣ እሱስ ተራ እንቁራሪት ነው። ደግሞ ጉሮሮህን አሞሃል መሰለኝ።»

ሰፈሩ «እማማ ጉርጥ» አላት። እሷ እንደ ሹመት ተቀበለችው።

ሊቀመንበሯ እሷ፣ ደንብ አውጪዋም እሷ። ብርቅ ድምፅ ሁለት ሰው ካልሰማው አይመዘገብም። ሁለቱ ምስክሮች አስቀድመው አይነጋገሩም። ሐሰት ያሳለፈ ኃላፊ ከቦታው ይነሳል። ይህንን ሁሉ ስታወጣ አጠገቧ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ «በራስሽ ላይ እንዳይመጣ» ብላት ሳቀችብኝ።

ታዲያ በዚያ ክረምት የከተማችንን ዳር ረግረግ የያዘው የአውቶቡስ ሾፌር ደወለ። ልጆች ሳለን እንሰማው የነበረውን፣ ዘይት እንዳጣ በር «ሲጥጥ» የሚለውን እንቁራሪት ሰማሁ አለ። ከጠፋ ስንት ዘመኑ! እህቴ ሌላ ምስክር እስኪገኝ መቀመጥ አቃታት። ለሾፌሩ ሳትነግር (ደንቡ አይፈቅድማ) ቦት ጫማዋን አጥልቃ በወዲህኛው ዳር ሄደች። ሸምበቆው ሰው አያሳይም። ብትጠብቅ ምንም የለም። እንግዲህ ላናግረው ብላ ራሷ «ሲጥጥ!» አለች። ከማዶ «ሲጥጥ!» ተባለላት። ጭቃዋን ምንጣፌ ላይ እያራገፈች መጥታ አቀፈችኝ።

ሁለት ምስክር ተገኘ። ወሬው በሬዲዮ ተነገረ። ጠቅላላ ጉባኤው ደርሶ ስለነበር፣ ዳግመኛ እንደምትመረጥ ማንም አልተጠራጠረም።

አንድ ምሽት እኔንም ይዛኝ ሄደች። «ሲጥጥ» ትላለች፣ ከማዶ «ሲጥጥ» ይላታል። ጉንፋን ይዟት ነበርና መሀል ላይ አነጠሳት።

እንቁራሪቱ «ይማርህ!» አለ።

እህቴም ከልማድ «ያኑርህ!»

ቆይቶ ሸምበቆው ተንኮሻኮሸና የሾፌር ኮፍያ ብቅ አለ።

«እትዬ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እርስዎስ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«በተራዬ ነዋ የመጣሁት! እንዲመልስልኝ ብዬ ስጣራ... ደግሞም መልሶልኝ ነበር።»

ስስቅ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ቤት ስንገባ «ዝም በይ፣ ማን ያውቃል?» አልኳት። ያ ስልክ ከእጇ ከወጣ ምን እንደምትሆን ፈርቼ ነው፤ ልጅ የላት፣ ባል የላት።

«አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሱ ያውቃል፣ እንቁራሪቶቹ ያውቃሉ» አለችኝ። «ከዚህ በላይ ሰው ከየት ይምጣ?»

ጉባኤው በትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች የሕፃን ዴስክ ውስጥ ተጣጥፈው። ተነስታ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። «ያኑርህ» ያለችው ላይ ስትደርስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፀጉር አስተካካዩ እንባውን እየጠረገ «በሳቅ ይለፍ!» አለ።

«አያልፍም» አለች። «የወፍጮ ቤቱ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሳልፉት ነበር?»

ሾፌሩ ተነሳ። «ግማሹ እንቁራሪት እኔ ነኝ፣ እኔንም አንሱኝ።»

«እርስዎ ሥልጣን የለዎትም፣ ከምን ይነሳሉ? ይቀመጡ!»

እጅ ወጣ፤ እየከበዳቸው አወጡት። አዋላጇ ሊቀመንበር ሆነች፣ ለተቋሙም የተላከው እንዲሰረዝ ጻፈች። በዚያው ዕለት አንድ ደንብ ተጨመረ፦ አድማጭ አይጮህም።

ስልኩ ወደ አዋላጇ ዞረ፤ ቤቴ ዝም አለ። እህቴ ግን እንደፈራሁት አልሆነችም። አንድ ጠዋት ሻይዋን አስቀምጣ «የመጀመሪያ ቀን ሾፌሩ ሲሰማ እኔ እዚያ አልነበርኩም» አለችኝ። «ማን ነው ታዲያ የጮኸው?» ቦት ጫማዋን ያዘች፣ ብርድ ልብሷንም ያዘች። ብርድ ልብሱን ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ከሾፌሩ ጋር ልታዳምጥ ነው፣ ቶሎም አትመለስም።

እስከማውቀው ድረስ ዛሬም ያለችው ከረግረጉ ማዶ፣ ከአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ጀርባ፣ በሾፌሩ ቤት ነው።