የላውንድሪው ሰውዬና የቀይ ሥር ጭማቂው

የላውንድሪውን ባለቤት በሰፈሩ «ነጭ በነጭ» ይሉታል። ላውንድሪ ቤቱ በዳቦ ቤቱና በጫማ አዳሹ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት፤ ከፊት ባንኮኒ፣ ከኋላ ማጠቢያና የእንፋሎት ካውያ፣ ከላይ በላስቲክ የተሸፈኑ ኮቶች። ዕድሜ ልኩን የተጣላው ከእድፍ ጋር ነው። በተለይ ቀይ ሥር፣ ጥቁር ወይንና እርድ ደመኞቹ ናቸው። «ቅባት እንኳን ሲለማመጡት ይለቃል» ይላል። «የአትክልት ቀለም ግን ግትር ነው።»

እነዚህኑ ደመኞቹን በገዛ እጁ ቤቱ ያስገባቸው በታላቅ እህቱ ምክንያት ነው። እትዬ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእሱና ከሚስቱ ጋር ትኖራለች። በቅርቡ መነጽሯን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ያወራችውንም መልሳ ማውራት ጀመረች። አባታቸው በመጨረሻው ዘመን ልጆቹን እንኳን አይለይም ነበር። ወንድምየው የእሷም ነገር ወደዚያው እንዳይሄድ ፈራ።

አንድ ቀን ሸሚዝ እየተኮሰ ሳለ አንዲት ተመራማሪ በሬዲዮ ስለ አንጎል ታወራለች። «አንጎል ብዙ ኦክስጅን ስለሚጠቀም ሴሎቹ በቀላሉ ይጎዳሉ፤ ብረት እንደሚዝገው በሉት። አንዳንድ የአትክልትና የፍራፍሬ ቀለሞች፣ አንቲኦክሲዳንት የምንላቸው ናቸው፣ ይህን ጉዳት የመከላከል ተስፋ...» አለች። ካውያው እንፋሎቱን ፉሽ አደረገና የቀረው ሳይሰማ ቀረ። ለእሱ ግን የሰማው ከበቂ በላይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ፊት ወይን ጠጅ የመሰለ ወፍራም ነገር የሞላው ብርጭቆ ተቀመጠ፤ ለራሱም አንድ ቀድቷል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«የአንጎል ዝገት ማስለቀቂያ።»

«እኔ የሰው ሸሚዝ ነኝ?»

«ስሞትልሽ እትዬ፣ ጠጪው።»

አንዴ ጎንጨት አለችና ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ በኋላ መላ አገኘችለት።

«ጠጣሽ?» ይላታል ከጓዳ ሲመለስ።

«ጠጣሁ እንጂ። እዚሁ ቆመህ አይደል ያየኸኝ? ረሳኸው እንዴ?»

«ታዲያ ይሄ ሙሉ ብርጭቆ የማን ነው?»

«ያንተ ነዋ።»

ነጭ በነጭ ይጠራጠራል፤ የሚጠራጠረው ግን ራሱን ነው። የመርሳቱ ነገር በዘር የመጣ እንደሆነስ ብሎ ይደነግጥና ብርጭቆውን ግጥም ያደርገዋል። እንዲህ እያለ የእሱንም የእሷንም ይጠጣ ጀመር። ሚስቱ ነገሩ ገብቷት በሳቅ ልትፈነዳ ደርሳለች፤ ግን የእትዬን ምስጢር አላወጣችም።

አንድ ቀን ከመጸዳጃ ቤት ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ።

«ሽንቴ ደም ሆኗል» አላት ሚስቱን በሹክሹክታ። «በቃ፣ አልቆልኛል።»

ስንቱን ቀይ እድፍ በአንድ እይታ የለየ ሰው፣ የራሱን መለየት አቃተው። እትዬ ግን ቶሎ ጫማዋን አጥልቃ ክንዱን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችው።

ሐኪሟ ሁሉን ነገር አዳመጠችና፣ «ቀይ ሥር ያዘወትራሉ?» አለችው።

«በቀን ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ።»

ሳቋን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረች። ለማንኛውም ብላ ሽንቱን አስመረመረች፤ ቀለሙ የቀይ ሥሩ እንጂ ደም የሚባል ነገር አልተገኘም። ስለ ሬዲዮውና ስለ እትዬ መርሳት ሲነግራት ግን አልሳቀችም።

«የሰሙት ውሸት አይደለም፤ በላቦራቶሪና በአይጦች ላይ ደህና ተስፋ ታይቷል። በሰው ላይ ግን ገና አልተረጋገጠም። አትክልቱን እንደ ምግብ ይብሉት፣ እንደ ሳሙና አይቁጠሩት።» ከዚያ ወደ እትዬ ዞረች። «እርስዎ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

እትዬ ከቦርሳዋ የኪኒን ጠርሙስ አወጣች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ስላላት ጎረቤቷ የሰጠቻት ነው። ሐኪሟ አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ዓይነቱ በእርስዎ ዕድሜ ሐሳብ ያደነዝዛል። ድንገት አያቁሙት፤ አብረን ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን። ሌላውንም እንመረምራለን። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

ሲመለሱ ወንድምየው «ጠጣሁ ስትዪኝ የነበረው እውነት የጠጣሽ መስሎሽ ነው?» አላት።

«አንዳንዴ እኔም አላውቀውም» አለች። «ሌላ ጊዜ ግን ጭማቂህ ስላስጠላኝ ነው።»

ሳቀ። እየሳቀም ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እትዬ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ኪኒኑ እየቀነሰ ሲሄድ የእትዬ ጭጋግም ገፈፍ አለ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ሐኪሟ በመከረችው መሠረት ጠዋት ጠዋት አብረው በእግር ይሄዳሉ። እትዬ ፈጣን ናት፤ ወንድሟ እያለከለከ ይከተላታል። አልፎ አልፎ መገንጠያው ላይ ቆም ትላለች፣ እሱን የምትጠብቅ መስላ። እሱም ይደርስና በቤታቸው መንገድ ቀድሟት ይታጠፋል።