በግራ በኩል ሦስተኛው ቸርኬ

ወንድሜ ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ ስለ ጦርነቱ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይነዳው የነበረው ታንክ በግራ በኩል ሦስተኛው ቸርኬ ጎማው ተገሽልጦ ነበር።

"ታንክ ደግሞ ምን ጎማ አለው? ሰንሰለት አይደል?" አልኩት።

"ሰንሰለቱ በምን ላይ የሚዞር መሰለህ? በብረት ቸርኬ ነው። ቸርኬው ዙሪያውን ጎማ ይለብሳል። ጎማው ሲነሳ ብረት ከብረት ይጋጫል። ኳ፣ ኳ። መንገዱን ሙሉ እሱን ስሰማ ነበር።" ይህን ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ግጥም እጽፋለሁ። ይህን ግን በግጥም ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ ታንክ ሠራሁ፤ ከካርቶን። ለቸርኬዎቹ የለስላሳ ቆርኪ ሁለት ሁለቱን አጣበቅኩ፣ ዙሪያቸውን ከብስክሌት ከመነዳሪ የቆረጥኩትን ቀጭን ጎማ አለበስኩ፣ ጎማው የተበላ እንዲመስል ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ። ከገፈርሳ መንገድ ያመጣሁትን አፈር በሻሽ ነፍቼ በተንሁበት። በግራ በኩል የሦስተኛውን ግን ግማሹን ጎማ ገሸለጥኩት። ዝገት አልቀባሁትም። ሰንሰለት የሚፈትገው ብረት አይዝግም፣ ያብረቀርቃል።

ቡራዩ ባለው የወጣቶች አዳራሽ የእጅ ሥራ ሊታይ ነበርና ቀደም ብዬ ወስጄ አስረከብኩት። ወንድሜ መጥቼ አየዋለሁ አለኝ። ከተመለሰ ጀምሮ ከግቢያችን በር አልወጣም ነበር።

በትርኢቱ ቀን ቀድሜ ስደርስ ታንኬ አረንጓዴ ሆኗል። በስፕሬይ ቀብተውታል፤ አፈሩም የለም። ሦስተኛው ቸርኬ አዲስ ጎማ ለብሷል።

"ገጣሚው" አለኝ የአዳራሹ ኃላፊ፣ "አንዱ ጎማ ተቀዶብህ ነበር፤ አለበስንልህ።"

"ማን ንካው አለህ?"

"እንግዳ ይመጣል እኮ። የተቦጫጨቀ ነገር እናሳይ?"

"ጎሚስታ ጋ ወስደነው ነው፣ በነፃ" አለ አንዱ ረዳቱ። ሳቁ።

እየሳቁ ሳለ ወንድሜ ገባ። ማንንም ሰላም አላለም። ታንኩ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ግራ ግራውን በጣቱ ቆጠረ። ሦስተኛው ላይ ቆመ።

"እንዴት ነው ጋሼ? አዲስ አይመስልም?" አለው ኃላፊው።

"ይመስላል" አለ ወንድሜ። "እኔ የነዳሁት ግን ይሄ አይደለም።" ተነስቶ ወጣ።

ካርቶን የምቆርጥበትን ምላጭ ከኪሴ አወጣሁ። አዲሱን ጎማ ቆርጬ ጣልኩት፣ አረንጓዴውን ቀለም ቆርኪው እስኪያበራ ድረስ ፋቅኩት። "ምን ነካህ? እንግዶቹ እየገቡ ነው" ይለኛል ኃላፊው። "ይግቡ" አልኩት። ምላጩ አዳልጦኝ አውራ ጣቴን ቆረጥኩ። ታንኩን ታቅፌ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ታንኩን በራስጌው ባለችው በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፣ ግራ ጎኑን ወደ እሱ አድርጌ። አልዞረም። ታንኩ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ እናቴ አቧራውን ልትጠርግ ስትል እከለክላታለሁ።

ያ ኃላፊ በደጃችን ሲያልፍ አሁንም "ገጣሚው፣ ተኮራረፍን እንዴ?" ይለኛል። ጎማ አለበስኩለት እንጂ ምን በደልኩት ብሎ እንደሚያስብ አውቃለሁ። በሩን እዘጋለሁ።