በአስታ ሜዳ ያገረሸብኝ ትኩሳት

በሽታው የጀመረኝ ከጉልበቴ ነው። ረፋዱ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ቆሜ ለአስታ ሜዳ ልጆች ፊደል ሳስቆጥር ሁለቱም ጉልበቶቼ በአንድ ጊዜ ዛሉ። ዳገት ስንወጣና ስንወርድ ስለሰነበትን ድካም ነው ብዬ ናቅሁት። ጥቂት ቆይቶ ብርድ ብርድ አለኝ። ከዚያ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ልጆቹ እየቀለድሁ መስሏቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ልስቅ ስል ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ የሚሰነጥቅ የራስ ምታት ያዘኝና ካለሁበት ቁጭ አልሁ።

ይህን የምጽፈው በዚያው በሽታ ተይዛችሁ ለተኛችሁና የተኛ ሰው ለምታስታምሙ ነው። ሐኪሞች ሪላፕሲንግ ፊቨር ይሉታል። የኛ ሰው ግርሻ ይለዋል፤ ለቀቀ ሲሉት ተመልሶ ስለሚያገረሽ ነው። እኔን ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። ሁለተኛው ሊገድለኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። አባቴ በሰፈራችን ደብር መሪጌታ ስለነበሩ ያደግሁት በቅዳሴና በማኅሌት መካከል ነው። የደብሩን የሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩን ቄስ፣ እኛ የኔታ የምንላቸው፣ በዚያ ክረምት አንድ ሐሳብ አመጡ። ከፍልሰታ ጾም መግቢያ ጀምሮ ክረምቱን ራቅ ብላ በምትገኝ የገጠር ደብር እናሳልፍ፤ ፊደልና ጸሎት እናስተምር፤ የምንጫቸውንም ዙሪያ እንጠርላቸው አሉ። እኛ ተማሪዎቹ በደስታ የምንይዘውን የምንጨብጠውን አጣን። ጓደኛዬ የሺ ሌሊቱን በሙሉ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት በማግስቱ ነገረችኝ። እኔም ብሆን አልተኛሁም ነበር።

እስከ አምባ ጊዮርጊስ ጨው በጫነ የጭነት ማኪና ላይ ተቀምጠን መዝሙር እየዘመርን ሄድን። ከዚያ ጥቁር ሰሌዳችንን በበቅሎ ጭነን አስታ ሜዳ በእግር ገባን። ጉሙ ሲገለጥ የገብሱ ማሳ እስከ ገደሉ አፋፍ አረንጓዴ ነው። ቅዝቃዜው አፍንጫ ይቆርጣል። የአገሩ ሰው ጃንጥላ ይዞ ከመንደሩ በታች ካለው ወንዝ ማዶ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። አንድ ሽማግሌ እኔንና የሺን ትክ ብለው አዩና የኔታን «ምነው፣ ሴትም ታስተምራለች?» ብለው ጠየቁ። የኔታ «ነገ ጠዋት መጥተው ይዩ» አሏቸው። መጡ። ከልጆቹ ጀርባ ተቀምጠው ሀሁን አብረው አሉ። በሦስተኛው ቀን እናቶችም ልጆቻቸውን አዝለው መጡ። ሌላ ሰው ሲያነብ የማየት እንጂ ራሳቸው የማንበብ ተስፋ ያልነበራቸው ሴቶች «ለ» እና «ሰ»ን ሲለዩ የተሰማኝን ደስታ በምን ቃል እንደምናገረው አላውቅም።

ሴቶቹ ተማሪዎች ያረፍነው በአያ ተሰማ ቤት ነው። አያ ተሰማ ገበሬም የደብሩ አገልጋይም ነበሩ። ሚስታቸው እትዬ ውዴ የሚያበሉን የሚያጠጡን እስኪጠፋቸው ይንከባከቡን ነበር። ብርዱ ከባድ ስለነበር የቤቱን ሰው ጋቢና ለምድ እየተጋራን ተኛን። ጠዋት ጠዋት እየታከክን እንስቅ ነበር። ቅማል መሆኑን ሁላችንም አውቀናል። በሽታ ያመጣል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ወደ ሕመሜ ልመለስ። ያን ቀን ደግፈው ወደ ቤት ወሰዱኝ። እትዬ ውዴ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አሹኝ። ትኩሳቱ ግን ጨመረ። አፍንጫዬን ነሰረኝ። መገጣጠሚያዬ ሁሉ የተቀጠቀጠ ያህል ታመመ። ጾም ነውና ወተት አልጠጣም ብዬ አስቸገርሁ። የኔታ መጥተው ከራስጌዬ ተቀመጡ። «ለታመመ ሰው ጾም አልታዘዘም። ጠጪ፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ» አሉኝ። ጠጣሁ።

ሳምንት ሊሞላው ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ላብ አጠመቀኝ። መደቡ እስኪርስ ድረስ አላበኝ። ከዚያ ትኩሳቱ ጥሎኝ ሄደ። ራሴ ቀለለኝ። ራበኝ። የሺ እያለቀሰች ቆሎ አፌ ውስጥ ታደርግልኝ ነበር። በማግስቱ ተነሥቼ ወጣሁ። እናቶቹ ሲያዩኝ እልል አሉ። የኔታ ጸሎት አደረሱልን። ከበፊቱ ይልቅ ተጋሁ፤ ጠዋት ልጆችን፣ ከሰዓት ሴቶችን አስተማርሁ፤ ምንጩን ለሚያጥሩት ድንጋይ አቀበልሁ። እግዚአብሔር ከሞት አውጥቶ ለሥራ የመለሰኝ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። እናንተም ትኩሳቱ ሲለቃችሁ እንደዚሁ ይሰማችኋል። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ።

ደኅና ሆኜ ሳምንት ያህል ቆየሁ። ከዚያ ምንጩ አጠገብ ወደቅሁ።

ያው ብርድ። ያው ራስ ምታት። አሁን ግን አቅም አልነበረኝም። ትውከት ያዘኝ። ውሃ አልረጋልኝ አለ። የሺ ዓይኔን ገልጣ አየች። ቢጫ ሆኗል አለች። ድምፅዋ ሲርቅ ይሰማኛል። ስሜን ትጠራለች። መመለስ አልቻልሁም።

የኔታ ተጨነቁ። ወንዙ ሞልቷል፤ በዚያ ላይ በሽተኛ ይዞ መሻገር ያስፈራል። ውሃው እስኪጎድል እንቆይ ወይ ብለው አያ ተሰማን ጠየቋቸው።

አያ ተሰማ «የለም፣ አባቴ» አሏቸው። «በዚች ክረምት ጎረቤቶቼን እንዲህ እያለ ወስዶብኛል። ለቀቃቸው ብለን ስንደሰት ተመልሶ ነው። ይች ልጅ የሰው ልጅ ናት። እናቷን ምን እንላታለን? ዛሬ እንውሰዳት።»

የጠፍር አልጋ ላይ አስተኝተው በጋቢ አሰሩኝ። የአገሩ ጎልማሶች ተሰበሰቡ። ወንዙ ዳር ስንደርስ የማስታውሰው ድምፁን ነው። ያገሳል። ሰዎቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከዳር እስከ ዳር ቆሙ። በአንድ ክንዳቸው እንደተያያዙ አልጋውን በሌላው እጃቸው በራሳቸው ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ አሳለፉት። መካከል ላይ አንድ ሰው ተንሸራተተ። አልጋው ዘመመ። ውሃ እግሬን ነካኝ። አያ ተሰማ «ያዝ! አትልቀቅ!» አሉ። አልለቀቁም። ማዶ ሲያወርዱኝ ያ ሁሉ ሰው ተንበርክኮ «ተመስገን» ሲል ሰማሁ። የሺ ከኋላ በገመድ ተሻግራ መጥታ እጄን ያዘችኝ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከደባርቅ ገብስ ጭኖ የሚወርድ ማኪና ተገኘ። ሾፌሩ ጋቢናውን ለቀቀልኝና ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ወጣ።

ጎንደር ሆስፒታል ስገባ ልብሴን አውልቀው ወሰዱ። ጸጉሬን በሙሉ ላጩኝ። ከጣቴ ደም ወሰዱ። ሐኪሙ ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። የሺን «ከዚህ በፊት ለቋት ነበር?» ብሎ ጠየቃት። አዎ አለች። ደሜን በማይክሮስኮፕ አይቶ ተመለሰ።

«ግርሻ ነው» አለኝ። «ቦሬሊያ የምትባል ተሕዋስ ናት። ከሰው ወደ ሰው የሚያመላልሳት ቅማል ነው። መድኃኒት አለው። አሁን ፔኒሲሊን እንወጋሻለን። ከተወጋሽ በኋላ ግን ከአሁኑ የባሰ ትንቀጠቀጫለሽ። እንዳትደነግጪ። መድኃኒቱ ተሕዋሲያኑን ሲገድል የሚመጣ ሪያክሽን ነው። አጠገብሽ እንሆናለን።»

እንደነገረኝ ሆነ። አልጋው ከኔ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር። ምላሴን እንዳልነክስ ነርሷ ጨርቅ አስያዘችኝ። ትኩሳቱ ወጣ። ልቤ ከደረቴ የሚወጣ መሰለኝ። ቀጥሎ ደም ግፊቴ ወረደ። ግሉኮስ ሰቀሉልኝ። ሐኪሙ ክንዴን ይዞ ቆሟል። «አሁን ያልፋል» ይላል። ደግሞ «አሁን ያልፋል» ይላል። ሞትሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ላብ መጣ።

አለፈ።

እናቴ የደረሰችው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ በአጠገቤ አልፋ ሄደች፤ አላወቀችኝም። ስጠራት ዞራ የተላጨ ራሴን አየችና በሩ ላይ ቆመች። እኛ ዘንድ ሴት ጸጉሯን የምትላጨው ለሐዘን ነው። «ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልታለቅስ ነበር። ሐኪሙ ከኋላዋ መጥቶ «ማንም አልሞተ፣ እማማ። ልጅዎ ድናለች፤ ጸጉር ደግሞ ይበቅላል» አላት። እናቴ የሐኪሙን እጅ ሳመች፤ እሱም አፍሮ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

ማገገም ከጀመርሁ በኋላ ያለው ጊዜ በሕይወቴ ካየኋቸው ጊዜያት ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው፤ አጥሚቱ፣ ሾርባው፣ በመስኮቱ የሚገባው የክረምት ማብቂያ ፀሐይ፣ ግድግዳ ይዤ ከአልጋ እስከ በር መሄዴ፣ ከዚያ ግድግዳውን ለቅቄ መሄዴ፣ ሁሉም አዲስ ነገር ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ ወደ ላቦራቶሪው ወሰደኝና በመጀመሪያው ቀን ደሜ የተቀባበትን ትንሽ መስተዋት በማይክሮስኮፕ አሳየኝ። ከደሙ መካከል እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ስስ ክር አየሁ። ሊገድለኝ የነበረው ይህ ነው ብዬ ዓይኔን ከመነጽሩ ማንሣት አቃተኝ።

ከዚያም ከታመምሁ ጀምሮ ሲያስጨንቀኝ የነበረውን ነገር ነገርሁት። በአስታ ሜዳ በየጎረቤቱ ታመው የተኙ ሰዎች እንዳሉ፣ ጓደኞቼም የኔታም ገና እዚያው እንደሆኑ አስረዳሁት። ሐኪሙ ብዙ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ የእያንዳንዱን ቤት አቀማመጥ ሳይቀር በወረቀት አስነደፈኝ። ብዙም ሳይቆይ ረዳቶቹን፣ መርፌውንና ቅማል የሚገድለውን የዲዲቲ ዱቄት ይዞ በበቅሎ ገባ። እኔም ልሂድ ብዬ ለመንሁ፤ ያበጠው ጣፊያሽ ገና ወደ ልኩ ስላልተመለሰ ከአልጋ አትራቂ ብሎ ከለከለኝ። የሺ መንገድ እየመራች ሄደች።

እሷ ተመልሳ የነገረችኝን ስሰማ ከአልጋዬ ልዘል ደረስሁ። ከአምባ ጊዮርጊስ በርሜል አስመጥተው ደጀ ሰላሙ ፊት ውሃ አፈሉ። ሰው ልብሱን አውልቆ ለመስጠት አፈረ። ያን ጊዜ የኔታ ካባቸውን፣ ጋቢያቸውን፣ ጥምጥማቸውን ሳይቀር አወለቁና በርሜሉ ውስጥ ከተቱ። ከጎንደር የመጣ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው እሳት ዳር ተቀምጠው «አሁን ተራው የማን ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። ተማሪዎቹ ልብስ ሲያማስሉ፣ ስፌት ስፌቱን ሲፈትሹ፣ ዱቄት ሲነፉ ዋሉ፤ አገሩ በሙሉ ብርድ ልብስ ለብሶ አንዱ አንዱን እያየ ይስቅ ነበር። ልናስተምር የሄድነው ትምህርት በርሜል ዳር ቀጠለ አለችኝ፤ ልብሱ እስኪደርቅ ሴቶቹ ፊደል ይቆጥሩ ነበር።

አያ ተሰማ እኔን ካሻገሩ በኋላ ታመው ተኝተው አገኟቸው። ሐኪሙ በቤታቸው ወጋቸው። እኔ እንደተንቀጠቀጥሁ ተንቀጠቀጡ፤ እትዬ ውዴ መስቀል አስይዘዋቸው አብረው ሲጸልዩ ቆዩ። በማግስቱ ቀና ብለው «መርፌው ሸጋ ነው፤ ግን መጀመሪያ ይማታል» አሉ አሉ። በእሳቸው ቤት ከዚያ ወዲያ የሞተ የለም። ከኛም ተማሪዎች የታመሙት ተወግተው ድነዋል።

ኅዳር ላይ፣ ጸጉሬ ጣት ያህል ሲያድግ፣ ለደብሩ የማርያም ንግሥ ተመለስሁ። ወንዙን ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጥሁ በራሴ እግር ተሻገርሁ። እትዬ ውዴ ገና ሳይስሙኝ ከሰል አንሥተው በበሩ ሳንቃ ላይ ስማቸውን ጻፉልኝ። ሁለት ፊደል ናት። «አየሽ፣ ጨረስኋት» አሉኝ። አቅፌያቸው አለቀስሁ፤ እሳቸውም የተቆረጠ ጸጉሬን እየዳበሱ ሳቁ።

አሁን ለታማሚውና ለአስታማሚው የምለው ይህ ነው። ብርድ ብርድ ብሏችሁ ድንገት ብትወድቁ ምች ነው ብላችሁ አትቆዩ። ትኩሳቱ ላብ አምጥቶ ቢለቃችሁ ፈጣሪን አመስግኑ፤ ያን ዕለት ተነሥታችሁ ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ደማችሁን አስመርምሩ። ከመርፌው በኋላ ስትንቀጠቀጡ መድኃኒቱ ጎዳኝ ብላችሁ ከሆስፒታል አትውጡ፤ የከፋው ሰዓት እሱ ነው፣ ያልፋልም። የታመመውን ሰው ልብስ ቀቅሉት፤ ስፌቱን በትኩስ ካውያ ተኩሱት። የቤተሰቡንም፣ የጎረቤቱንም እንደዚሁ አድርጉ። ቅማል የማንም ነውር አይደለም፤ ብርድና ችግር ያመጣው ነው። እያፈሩ ዝም ማለት ግን ሰው ይገድላል።

ምስጋናዬ ለእግዚአብሔር ነው። ቀጥሎ ካጠገቤ ላልራቀችው ለየሺ፣ ጥምጥማቸውን ላወለቁት ለየኔታ፣ ክንዴን ይዞ ለቆመው ሐኪም። ከሰው ሁሉ በላይ ግን ወንዝ ውስጥ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ለቆሙት የአስታ ሜዳ ሰዎች ነው። አብዛኞቹን በስም አላውቃቸውም ነበር። በንግሡ ዕለት አያ ተሰማ አንድ በአንድ እያቆሙ ስማቸውን ነገሩኝ፤ እኔም የሁሉንም ጉልበት ሳምሁ።