ነገ ና ለከንቲባነት

ወንዶች «ነገ ና» ይሉታል። ሴቶች «ነገ ነይ»። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ደግሞ፣ መቼም አክብሮቱን ነፍጓቸው አያውቅምና፣ «ነገ ይምጡ» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙ እንኳ በየሰዉ ልክ ነው የተሰፋለት፤ ልብስ ሰፊ ነዋ! «ሱሪዬስ ደረሰ?» ሲሉት ከስፌት መኪናው ቀና ይላል፣ ክሩን በጥርሱ ይበጥሳል፣ ከዚያ አንጀት በሚበላ ፈገግታ «ነገ ና» ይላል። ሰውየው ፈገግታውን ይዞ ይሄዳል፤ ሱሪው እዚያው ይቀራል።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሰነፍም አይደለም፣ ኧረ በጭራሽ! ችግሩ እምቢ ማለት አለመቻሉ ነው። ያሳደገችው አክስቱ ናት፤ እሷም ልብስ ሰፊ ነበረች። ገና እግሩ ከፔዳሉ ሳይደርስ ቁልፍ እያስተከለች፣ «ደንበኛ ከዚህ በር ፊቱን አጥቁሮ እንዳይወጣ» እያለች ነው ያስተማረችው። ልጁ ትምህርቱ ገባው። እንዲያውም ከመጠን በላይ ገባው። የመጣለትን ጨርቅ ሁሉ ይቀበላል፤ ከዚያ መጨረሻ የመጣውን ያስቀድማል፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚያየው እሱ ነዋ። ሱቁ እስከ ጣሪያው ድረስ የሰው ጨርቅ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ለከንቲባነት እንዴት ይወዳደራል? በንዴት! ሱቁ ፊት ለፊት ያለው የውሃ መውረጃ ቦይ ከተደፈነ ቆይቷል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው ሰተት ብሎ ይገባና ፔዳሉ ላይ ይደርሳል። አንድ ቀን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ጎረምሳ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል፣

«ነገ ና» አለው።

«ምን አልከኝ?»

«ነገ ና አባቴ፣ ነገ።»

እቤቱ የገባው እየጨሰ ነው። «በሰው ላይ እንዲህ ይቀለዳል? ሰው ስራ ፈትቶ መጥቶ ነገ ና ይባላል?» ሚስቱ ዳቦ ቤት ውስጥ ሂሳብ ተቀባይ ናት፤ የከተማው ወሬ ከዳቦው እኩል በእጇ ያልፋል። ሰማችው፣ ሰማችውና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወንበር ላይ ተዘረረች።

«ምኑ ነው የሚያስቅሽ?»

«ምንም» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ነገ እነግርሃለሁ።»

በሳምንቱ ለእጩነት ተመዘገበ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ተፎካካሪው «ሲሚንቶ» የሚሉት የሕንጻ ተቋራጭ ነው፤ ሲናገር አፉ አይፈታም እንጂ ኪሱ አይታማም። እሱ ተናግሮ ሲቀመጥ የእኛ ሰው ተነሳ። ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ የደንበኛ እንዳይሆን ብለው የጠረጠሩ ነበሩ።

«የመጀመሪያው ቃሌ ቦዩ ነው» አለ። «ተመርጬ ዓመት ሳይሞላኝ...»

«ሱሪዬስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ማን ያቁማቸው! «የልጄ ዩኒፎርም! ልጅቷ እኮ አስተማሪ ሆናለች!» «የእኔ ኮት!» «መጋረጃዬስ?» የእኛ ሰው ላቡን እየጠረገ «ይደርሳል፣ ይደርሳል» ሲል ከመሃል አንዲት ሴት ተነሳች። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ሚስቱ ነበረች።

«እኔም ጨርቅ አለኝ» አለች። «ሰማያዊ ነው። ሳንጋባ ነው ቀሚስ ስፋልኝ ብዬ የሰጠሁት። ዛሬም ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። የምርጫው ዕለት ለብሼው ከሄድኩ እመርጠዋለሁ። ካልሆነ ግን ባሌ ነው ብዬ ከተማ አላበላሽም!»

ጭብጨባው! ሲሚንቶ ራሱ አጨበጨበ። አትክልት ሻጯ እማማ ብድግ ብለው፣ «እኛም አንቺን አይተን ነው የምንመርጠው፣ ልጄ!» አሉ። በቃ፣ የከተማው ምርጫ በአንድ ቀሚስ ላይ ተንጠለጠለ።

«አዋረድሽኝ» አላት መንገድ ላይ።

«እኔ ስንት ዓመት ስዋረድ ማን ጠየቀኝ?» አለች። እየሳቀች አልነበረም። እሱም ያኔ ነው የደነገጠው። ከንቲባነቱ ቢቀር ሰፊነቱ አለ፤ እሷ ከልቧ ከተቀየመች ግን ምን ሊተርፈው ነው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅስቀሳ የለ ምን የለ፣ መኪናው ላይ ተተከለ። የጨረሰውን ይዞ በየቤቱ ያድላል። የሰው ነገር አያልቅም! የሉካንዳ ቤቱ ባለቤት ሱሪውን ወገቡ ላይ ሊያደርስ ታግሎ ሲያቅተው፣ «ይሄን ሱሪ ሳሰፋ እኮ ሰው ነበርኩ» ብሎ ሆዱን መታ መታ አደረገው። አስተማሪዋ የልጅነት ዩኒፎርሟን ክፍሏ ውስጥ ሰቅላ ተማሪዎቿን ስታስቅበት ዋለች። አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ደግሞ የሟቹን ኮት ተቀበሉ። እጅጌውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ «በጣም ሲጠብቀው ነበር» አሉት። የእኛ ሰው ማልቀስ አያውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ደጃቸው ላይ አለቀሰ።

በየደጁ ሲቆምም ሱቁ ውስጥ ሆኖ ያልሰማውን ሰማ። ገበያ የሚውሉት ሴቶች መጸዳጃ ቤት ስለሌላቸው ቀኑን ሙሉ ውሃ አይጠጡም። ፌርማታው ላይ ጥላ የለም። ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው መንገድ መብራት ስለሌለው ነርሶቹ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ትሰራዋለህ?» ሲሉት ያቺ ቃል ከንፈሩ ላይ ትመጣለች። ይውጣትና፣ «ቦዩና የገበያው መጸዳጃ ይቀድማሉ። መብራቱን በሁለተኛው ዓመት። የፌርማታው ጥላ ግን... አይደርስም» ይላል። አይደርስም! በሕይወቱ ይቺን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ሰዎቹም ፊታቸውን አጠቆሩና፣ ትንሽ ቆይተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተጨባብጠው ተለያዩ።

መደርደሪያው እየተራቆተ ሄደ። ሰማያዊው ጨርቅ ግን ንቅንቅ አላለም። ሲያየው ሌላ ይጀምራል። በመጨረሻ ሌላ የሚባል ነገር ሲያልቅ፣ የምርጫው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አወረደው፣ አቧራውን አራገፈው፣ ቆረጠው። ሜትር እንኳ አላነሳም። የሚስቴ ልክ ሊጠፋኝ ነው እንዴ?

ጠዋት ቀሚሱን ይዛ መስታወት ፊት ቆመች። እጇን አስገባች፣ ትከሻዋን አስገባች፣ ትንፋሿን ዋጠች። ከኋላ አልዘጋ አለ። ለመዝጋት አንድ ስንዝር ሙሉ ይቀረዋል!

«ይሄ የማን ነው?» አለች።

«ያንቺ ነዋ።»

«የኔማ አይደለም። የዚያች ልጅ ነው፣ የሰጠችህ ልጅ።»

ሁለቱም መስታወቱን አዩ። ያቺ ቀጭን ልጅ የለችም። ወገቧ የሰፋ፣ ጸጉሯ ጆሮዋ አጠገብ የሸበተ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትሰራ እግሯ የሚያብጥ ሴት ናት ያለችው። እሱ ደግሞ የከተማውን ሰው ሁሉ ለክቷል፤ እሷን ግን ከሰርጋቸው ወዲህ አንዴም አለካትም።

«ለምን ግን?» አለችው። «ለሁሉም ሰፍተህ...»

«ፈርቼ ነው» አላት። «ያኔ ጀማሪ ነበርኩ። ጨርቁ ውድ፣ አንቺም ውድ። ባበላሸውስ? ትንሽ እጄ ይስተካከል፣ ትንሽ ልልመድ፣ ነገ፣ ነገ እያልኩ...»

«እኔ እኮ የረሳኸኝ ነበር የመሰለኝ» አለች።

«ነገ አሰፋዋለሁ...» ብሎ ጀመረና ምላሱን ነከሰ። ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አወረደ። «እጅሽን አንሺ» አላት። ለካት፤ ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ወገቧን፣ ሳይቸኩል። ከዚያ ጎንና ጎኑን ተረተረና ከተረፈው ጨርቅ ይቀጥልበት ጀመር።

ምርጫው ቀኑን ሙሉ ነው። ሰው ሁሉ ሰልፍ ላይ ሆኖ አንገቱን ያሰግጋል። «አልመጣችም?» «አልመጣችም።» ሲሚንቶ እጁን እያሻሸ ይንጎራደዳል። እማማም እንደ ዛቱት ተራቸውን ለሰው እየለቀቁ ቆመዋል።

ጣቢያው ሊዘጋ ሲል መንገዱ ማዶ ሰማያዊ ነገር ብቅ አለ።

ወይ ጉድ! እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ግርጌው ገና ነው፤ በነጭ ክር በእጅ ነካ ነካ ተደርጎ ነው የተያዘው። ማን አይቶት! እማማ እልልታውን አቀለጡት፤ የጣቢያው ሃላፊ «ጸጥታ!» ቢል ማን ሊሰማው። እሷም ማንንም ሳታይ ገባች፣ መረጠች፣ ወጣች።

ማምሻውን እቤት በርጩማ ላይ አቁሟት፣ ተንበርክኮ ግርጌውን ይሰፋል።

«መረጥሽኝ?» አለ መርፌውን እየሳበ።

«ሳይጨርስ የሚጠይቅ ሰው አልወድም።»

ያኔ ደጁ በጩኸት ተሞላ። በሩ ይደበደባል። «ከንቲባችን! አሸንፈሃል! ና ውጣ፣ ሕዝቡ እየጠበቀህ ነው!» የሉካንዳ ቤቱ ባለቤት አለ፣ አስተማሪዋ አለች፣ እማማ አሉ። ከተማው ሁሉ እዚያ ነው።

የእኛ ሰው መርፌውን ይዞ ቀና አለ። በሩን አየ። ግርጌውን አየ፤ ግማሹ ገና ነው። ከዚያ አንገቱን ወደ በሩ አዙሮ ባለ በሌለ ድምጹ፣

«ነገ ኑ!» ብሎ ጮኸ።

የደጁ ሳቅ ግድግዳውን አነቃነቀው። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። እጇን መላጣው ላይ አሳረፈች።

«አሁን መረጥኩህ» አለችው።

«አትነቃነቂ» አላት።